አፈ ጉባኤ ለሰላም ምን ድርሻ አለው?

ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ አካባቢ የሚኖር ሰው የጅቡቲውን ባቡር ጣቢያ ያውቀዋል። የፉሪ ለቡ ጣቢያ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና የጅቡቲው ፕሬዝዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ተገኝተው ነበር። ሪባን የሚቆርጡት የመንግሥት መሪዎች በመሆናቸው የሁለት አገሮች ትብብር በእነሱ ፊርማ የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት አስፈጻሚው አካል የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስምምነቱ ሲጸድቅ ደግሞ አንቀጽ 9 እንደሚለው የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

የዚህን ሥልጣን ክብደት የዓባይ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢንቴቤ ላይ የተፈረመው ግንቦት 6 ቀን 2002 ነው። ኢትዮጵያ ግን ወዲያው አላጸደቀችውም። በ2003 የግብፅ ሕዝባዊ የልዑካን ቡድን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ ግብፅ ከአብዮቷ በኋላ አዲስ መንግሥት እስክትመሠርት ማጽደቁ እንዲቆይላት ተስማማን። ምክር ቤቱ ስምምነቱን ያጸደቀው ሰኔ 6 ቀን 2005፣ አባዱላ ገመዳ አፈ ጉባኤ ሳሉ ነው። ረቂቁን ማቆየቱ ለጎረቤት የተዘረጋ እጅ ነበር፤ ማጽደቁ ደግሞ ከአቋማችን እንደማንናወጥ የተናገርንበት ነው። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው ደቡብ ሱዳን ካጸደቀችው በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ነው። የስድስት አገሮች ፓርላማዎችና መንግሥታት በየፊናቸው እሺ እስኪሉ ከፊርማው በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ።

አፈ ጉባኤው ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ምን ይሠራል? ውል አይደራደርም፤ ጦርም አያዝዝም። ሥራው ስብሰባውን መምራት፣ አጀንዳውን ማስያዝ፣ ረቂቁ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንዲመራ ማድረግና ለአባላት የመናገር ዕድል መስጠት ነው። ይህ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል። እኔ ግን ሰላም የሚጸናውም የሚላላውም እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም የተፈራረሙትን የፕሪቶሪያውን ስምምነት እንውሰድ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የፌዴራል መንግሥት ከገባቸው ግዴታዎች አንዱ፣ ምክር ቤቱ ሚያዝያ 28 ቀን 2013 በሕወሓት ላይ ያሳለፈው የሽብርተኝነት ስያሜ እንዲነሳ ማመቻቸት ነበር። ስያሜውን የሰጠው ምክር ቤቱ በመሆኑ የሚያነሳውም እሱ ነው። መጋቢት 13 ቀን 2015 ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ አነሳው። የተቃወሙና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉ አባላት ነበሩ፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። በጦርነቱ ልጁን፣ ወንድሙን ያጣ ሰው ምሬቱ በሸንጎ ሲነገር ከሰማ፣ ውሳኔው እሱን ሳይሰሙ ከላይ የተጫነ አይመስለውም። ለተቃዋሚው አባል የመናገሪያ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ አፈ ጉባኤው ነው።

በአገሮች መካከልም በምክር ቤቶች በኩል የመነጋገር መንገድ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 እንግሊዛዊው ዊልያም ራንዳል ክሪመርና ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ፓሲ የሕግ አውጪዎችን ሰብስበው የዓለም የፓርላማዎች ኅብረትን መሠረቱ፤ ሐሳባቸው የአገሮች ጠብ በጦር ሳይሆን በሽምግልና እንዲፈታ ነበር። የኅብረቱ 120ኛ ጉባኤ በእኛ አቆጣጠር በ2001 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። የመላ አፍሪካ ፓርላማም በ1996 የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደረገው እዚሁ ነው። መንግሥታት ሲኮራረፉ የምክር ቤት አባላት መገናኘት ይችላሉ፤ የሚነጋገሩት ነገር መንግሥትን ወዲያው ስለማያስገድድ አንደበታቸው ይፈታል።

የእኛ ምክር ቤት ላይ የምቆረቆርበት አንድ ነገር አለ። የስምምነትና የብድር ረቂቆች አንዳንዴ ሳይብላሉ ይጸድቃሉ። ለመራጩ በቅድሚያ ቢገለጹና የሕዝብ አስተያየት መስጫ መድረክ ቢከፈትላቸው፣ የለቡና የሳሪስ ነዋሪም የላከውን ተወካይ ስለ ውሉ መጠየቅ ይችላል።