ነጭ ዱቄት የለበሰውን የአፕል ችግኝ እናድን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ የችግኝ በሽታ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ስለ አፕል ለምን እንማራለን?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በተለይም በጮቄ ተራራ ሥር ባለው በስናን ወረዳ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ አፕል የሚተክል ገበሬ አለ። ፖም የሚለውም አለ። አፕል ብርድ የሚወድ ዛፍ ነው። በአገራችን አስቀድሞ የታወቀው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ነው። ወደ ጨንቻ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ በሚስዮናውያን እጅ ነው።

የአፕል ችግኝ እንደ ባሕር ዛፍ ችግኝ በርካሽ አይገኝም። ከጥሩ ዝርያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተቀጥሎ የሚዘጋጅ ነው። ተተክሎም ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ታዲያ ገንዘብ የወጣበት፣ ቦታ የተለቀቀለት፣ ውሃ የተቀዳለት ችግኝ አንድ ቀን ነጭ ዱቄት ለብሶ ቢገኝ ሰው ይደነግጣል። «ዓይን በልቶት ነው» የሚል አይጠፋም። «ነቅለህ ጣለው» የሚልም አለ። ቆዩ! አትንቀሉት። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

በሽታው እንዴት ይታወቃል?

በሽታው የሚወደው ለጋውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው በጫፍ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣት ብታብሱት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። ቅጠሉ እየጠበበ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ጫፉ ማደጉን ያቆማል። ትልቅ ዛፍ ላይ ከሆነ አበባው ይጨመታተራል፤ ፍሬውም ላይ እንደ መረብ ያለ ሻካራ ነገር ይወጣል።

ከሌላ ነገር ጋር እንዳታምታቱት፦

አመዳይ ወይም ውርጭ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት አቃጥሎ ያጠቁረዋል። ዱቄት ግን አይተውበትም።

ነጩ ነገር እንደ ጥጥ ሆኖ ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ከተለጠፈ፣ ስትጨፈልቁትም ቀይ ፈሳሽ ካወጣ፣ እሱ ነፍሳት ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው።

በሽታው ከየት ይመጣል?

ይህ በሽታ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ማለት እንደ ሻጋታ ያለ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ነጩ ዱቄት ዘሩ ነው። ነፋስ ከቅጠል ወደ ቅጠል፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይወስደዋል።

ሌላው የፈንገስ በሽታ ብዙ ጊዜ ዝናብና እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ይኼኛው ግን አይፈልግም። እንዲያውም ቅጠሉ ላይ የቆመ ውሃ ዘሩን ይጎዳዋል። የሚስማማው ዝናብ የሌለበት፣ አየሩ ግን እርጥበት ያለው፣ ሙቀቱም መካከለኛ የሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ዝናቡ አበቃ፣ በሽታውም አበቃ» ብላችሁ አትዘናጉ።

ቅጠሉ ሲረግፍ በሽታው አብሮ አይሞትም። በእንቡጡ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። እንቡጡ ሲፈነዳ ለጋው ቅጠል ገና ሲወጣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የበሽታው ምሽግ እንቡጡ ነው ማለት ነው። ይህን ልብ በሉ።

በአተር ማሳም ነጭ ዱቄት አይታችሁ ይሆናል። እሱ የአፕሉ በሽታ ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። የአተሩ ወደ አፕል አይሻገርም። ስለዚህ አተር የዘራ ጎረቤታችሁን አትውቀሱ።

በሌላ አገር ምን ሆነ?

በአውሮፓ ኦክ የሚባል ትልቅ የደን ዛፍ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ገደማ የዚህ በሽታ ዘመድ በፈረንሳይ አገር በኦክ ላይ ታየና በጥቂት ዓመት ውስጥ በአውሮፓ ተዛመተ። ትልልቁ ዛፍ ቻለው። ችግኙና ከጉቶ ያቆጠቆጠው ግን ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በፊትም፣ በ1845 በእንግሊዝ አገር በወይን ላይ የታየው ሌላው ዘመዱ፣ በ1850ዎቹ የፈረንሳይን የወይን ምርት እጅግ ቀንሶት ነበር። ወይኑን ያተረፈው ድኝ ነው። ዛሬም ድኝ ያገለግላል።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ችግኙን በየሳምንቱ እዩ። የጫፉን ቅጠል ገልብጣችሁ ሥሩንም ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

2ኛ. ነጭ የሆነውን ጫፍ ቁረጡ። ከነጩ ዝቅ ብላችሁ ጤነኛው ላይ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጫፉን ፌስታል አልብሱት፤ አለዚያ ዱቄቱ በነፋስ ይበተናል። የተቆረጠውን አቃጥሉት። ከችግኙ ሥር አትጣሉት።

3ኛ. ቅጠሉ ሲረግፍ እንደገና ግረዙ። እንቡጡ ሳይፈነዳ ጠውልጎ የቀጠነውንና ነጣ ያለውን ጫፍ ሁሉ አንሱ። ምሽጉን የምታፈርሱት ያን ጊዜ ነው።

4ኛ. ብርሃንና ነፋስ ይግባበት። የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ አሳሱ። ችግኝ አታጨናንቁ።

5ኛ. ዩሪያ አታብዙ። ዩሪያ ሲበዛ ለጋ ቅጠል ይበዛል፤ ለጋ ደግሞ የበሽታው ቀለብ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ በልክ ስጡ።

6ኛ. ድኝ እርጩ። በውሃ የሚበጠበጥ ለተክል የተዘጋጀ ድኝ አለ። በሽታው ገና ሲጀምር ይረጫል። የሚረጨው ጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቢረጭ ቅጠሉን ያቃጥላል። ዘይትነት ካለው መድኃኒት ጋር አይደባለቅም። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ባዶውን ዕቃ ለውሃ ወይም ለዘይት አትጠቀሙበት።

7ኛ. ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት ለዚህ በሽታ አይረዳም። ገንዘብ ይበላል፣ ንብም ይገድላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለየትኛው በሽታ ነው? ለስንት ሊትር ውሃ ስንት ግራም ነው? ጊዜው መቼ ያልፋል? ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ጭምር ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

ድኝ ያጣ ሰውስ? በብራዚል አገር በ1999 የወጣ ጥናት አንድ እጅ ወተት ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ በየሳምንቱ ሲረጭ በዱባ ዓይነት ተክል ላይ ይህን መሰል በሽታ እንደሚገታ አሳይቷል። በአውስትራሊያም ወተትና አጓት በወይን ላይ ተሞክረው ረድተዋል። የልጅ ወተት ግን ለችግኝ አይሰጥም። ጨው ያልገባበት አጓት ካላችሁ በአንድ ችግኝ ላይ ሞክሩና ውጤቱን እዩ።

አዲስ የምትተክሉ ደግሞ ስለ ዝርያው ጠይቁ። ጆናታንና ግራኒ ስሚዝ የሚባሉት ለዚህ በሽታ ቶሎ ይጋለጣሉ። ሬድ ዴሊሽየስ የሚባለው ይሻላል። ነጭ ጫፍ ያለበትን ችግኝ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ፤ በሽታውን ገዝታችሁ ወደ ጓሯችሁ ታስገባላችሁና። አንዱ ብቻውን ቢያክም፣ ጎረቤቱም ዝም ቢል፣ ነፋሱ መልሶ ያመጣዋል። አፕል ያላችሁ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ተባብራችሁ ግረዙ።

አዲስ ቃላት

እንቡጥ — ገና ያልፈነዳ ቅጠል ወይም አበባ
መግረዝ — ቅርንጫፍን እየመረጡ መቁረጥ
ፈንገስ — እንደ ሻጋታ ያለ፣ ተክል ላይ የሚኖር ነገር

ተወያዩበት

1. በሽታው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የት ይሸሸጋል?
2. ጫፉን ከመቁረጥ በፊት ፌስታል የምናለብሰው ለምንድን ነው?
3. በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ «ለ1 ሊትር ውሃ 3 ግራም» የሚል ቢጻፍ፣ 15 ሊትር ለሚይዝ መርጫ ስንት ግራም ያስፈልጋል? (መልስ፦ 3 ጊዜ 15፣ 45 ግራም)