ቆርጦ የሚለካ የብረት ራስ

የመርሐ ቤቴ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዓለም ከተማ ዙሪያ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ይሸጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ይህ ዛፍ፣ ለደጋው ሰው ቤትም ማገዶም የክፉ ቀን ገንዘብም ሆኗል። መቁረጫው ምሳር ነው፤ መለኪያው ደግሞ የነጋዴው ዓይን። ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ሳለሁ አንድ ነጋዴ መጣና የአባቴን ዛፎች አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም በአንድ ዋጋ በቁማቸው ገዛ። አባቴ ተደሰተ፤ እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ከተመለስሁ በኋላ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚቆርጥ ማንበብ ያዝሁ። በስዊድንና በፊንላንድ ደን ነጂው ከመኪናው ሳይወርድ ይሠራል። በመኪናው ረጅም ክንድ ጫፍ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ሀርቬስተር ሄድ የሚባል፣ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ የብረት ራስ ተንጠልጥሏል። ራሱ ግንዱን አቅፎ ይይዛል፤ ከሥር ያለው የሰንሰለት መጋዝ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ጥርሳም ሮለሮች ግንዱን ወደ ፊት ሲስቡት የታጠፉት ስለቶች ቅርንጫፉን ይመለምላሉ። በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዛፍ እርሻዎች ልጡንም የሚልጥ ዓይነት አለ።

እኔን ያስገረመኝ ግን መጋዙ አይደለም። አንዲት ትንሽ ጥርሳም ጎማ በግንዱ ላይ እየተሽከረከረች ርዝመቱን ትለካለች፤ የስለቶቹ ወይም የሮለሮቹ አከፋፈት ውፍረቱን ያሳውቃል፤ ኮምፒዩተሩም የእያንዳንዱን ግንድ መጠን አስልቶ የት ላይ ቢቆረጥ እንደሚሻል ለነጂው ይነግረዋል።

ታዲያ ይህን መኪና ወደ ጀማ አፋፍ እናምጣው? የኔ መልስ አይሆንም ነው። ዋጋው የሚመለሰው ሰፊ ደን ሲኖር ነው፤ የኛ ዛፍ ግን በየጓሮው የተበታተነ፣ መሬቱም ገደላማ ነው። ደግሞም ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በተሳለ መጋዝ ዝቅ አድርጎ፣ ጉቶውን ሳይሰነጥቁና ልጡን ሳይገፉ መቁረጥ ይበቃል። (የደነዘ ምሳር የሚያደርሰውን ጉዳት ያየ ያውቀዋል።)

ልኬቱን ግን ያለ መኪና መውሰድ እንችላለን። የተቆረጠው ግንድ ወገቡ ላይ በገመድ ሲለካ ዙሪያው 63 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር ቢሆን 0.126 ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ይወጣዋል። ርዝመቱ እኩል፣ ውፍረቱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግንድ የሚይዘው የዚህን ግማሽ ሳይሆን ሩቡን ነው! ነጋዴው በአንድ ዋጋ የገዛው እንዲህ ያሉትን ነው። ገና ያልተቆረጠውን ዛፍ ደግሞ ደረት ላይ ዙሪያውን ለክቶ፣ በየውፍረቱ ለይቶ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል።

ለጥምቀት ስወርድ ሜትርና ደብተር እይዛለሁ። ከቤታችን በስተጀርባ ያለው ረድፍ ገና አልተሸጠም።