ክረምቱን በበጎ ፈቃድ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምንኖር ተማሪዎች ነን። በክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ልንጠግን፣ ሕፃናትንም ልናስጠና ተነሥተናል። አንዳንዶች ግን «ይህ ለሰላም ምን ይፈይዳል?» ይሉናል። ምን እንመልስ?

መልስ፦ በቃል አትከራከሩ፤ ሥራችሁ ይመልስላችሁ። የተማሪ አገልግሎትም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪና መምህር አዘመተ። ሁለቱም ግን ግዴታ ነበሩ፤ ዘማቹ ከባላገሩ ጋር የተጋጨበት ቦታም ጥቂት አልነበረም።

የእናንተ ግን በፈቃድ ነው፤ ያላችሁትም ደቦና ወንፈል ባለበት አገር ነው። ስለዚህ የሚጠገነውን ቤት ዕድሩ ይምረጥ። ቆርቆሮውን ዝናቡ ሳይጠና ምቱ፤ ምርጊቱን ግን ለጥቅምት አቆዩት፣ በክረምት ጭቃ አይደርቅም። የአንድ ሰፈር ልጆችን ብቻ በአንድ ቡድን አታሰልፉ። ከሁለት ሰፈር መጥተው አንድ ወጋግራ ተሸክመው የዋሉ ልጆች፣ በማግስቱ በአሉባልታ ለመጣላት ይከብዳቸዋል።

ሥራው መሪነትንም ሊያስተምራችሁ ይችላል። ገንዘብ ያዡን በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩ፤ ገቢና ወጪውም በሰፈሩ ሰው ፊት ይነበብ። በአደባባይ ሂሳብ ያስረዳ ወጣት ከአዳራሽ ሥልጠና የማያገኘውን ይማራል። ሥራችሁን ለፖለቲካ መጠቀሚያ ሊያደርግ የሚመጣ ካለ ግን፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ እምቢ በሉ።