ጨረር የወሰደ ሰው አዲስ መድኃኒት ሲጀምር

የጨረር ሕክምናውን ጨርሶ ቤቱ የገባ ሰው፣ ቆዳው ከሻረ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ግን አዲስ መድኃኒት ሲጀምር፣ ጨረር ያረፈበት ቦታ ብቻ ተለይቶ ሊቆጣ ይችላል። ሐኪሞች ራዲዬሽን ሪኮል ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 አክቲኖማይሲን በሚባል መድኃኒት ምክንያት ታይቶ ተመዝግቧል። ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም። ሲያጋጥም ግን ከቁስል ኢንፌክሽን ጋር ስለሚምታታ ታማሚው አንቲባዮቲክ ሲቀያየርለት ሊከርም ይችላል።

1. ወረቀቱን ይያዙ። ጨረሩ የት እንዳረፈ፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳለቀ፣ መጠኑ ስንት ግሬይ እንደሆነ ሐኪሙን በማጠቃለያ ወረቀት ላይ ያስጽፉ። በስልክ ፎቶ አንሥተው ለልጅዎም ይላኩ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር የብዙ ታካሚ ካርድ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ከእርስዎ ወረቀት ሌላ የሚያየው ላይኖር ይችላል።

2. መድኃኒት ሲታዘዝልዎ አስቀድመው ይናገሩ። ይህን ቁጣ በመቀስቀስ ይበልጥ የሚታወቁት ዶክሶሩቢሲን፣ ዶሴታክሰል፣ ፓክሊታክሰልና ጄምሲታቢን ናቸው። ታሞክሲፌን፣ አንዳንድ አንቲባዮቲክ፣ የቲቢ መድኃኒትም ሳይቀር ቀስቅሶ ያውቃል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙትንም ይጨምሩ።

3. ቦታውን በደንብ ያስተውሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል። ስለዚህ የእጅዎን ጀርባ ያስነኩት፤ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል ወይም ያማል። ዋናው ምልክት ጠርዙ ነው፦ ድሮ ጨረሩ ባረፈበት ልክ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠርዙን በእስክሪብቶ አስምረው ጠዋት ጠዋት ፎቶ ያንሡ። ከመስመሩ አልፎ ከተስፋፋ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በውስጥ አካልም ይነሣል፤ ደረቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ቢጀምረው በጉንፋን አያሳብበው።

4. ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ሳያሹ ያድርቁት። ቅቤ፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ አይቀቡ። ዳሌዋ አካባቢ ጨረር የወሰደች ሴት መቀነቷን ትፍታ፤ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይሻላል። የሚውጡትን መድኃኒት፣ በተለይ የቲቢውን፣ በራስዎ አያቋርጡ። ቀጣዩ ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ግን የግድ ያሳውቁ።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ከፈነዳ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊያቆም፣ ስቴሮይድ ሊያዝም ይችላል። ቁጣው ከበረደ በኋላ ያው መድኃኒት ተመልሶ ሲሰጥ ሁልጊዜ አይደገምም፤ ስለዚህ ለካንሰሩ የሚያስፈልግ ከሆነ መጠኑን ቀንሶ ወይም ስቴሮይድ አስቀድሞ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።