«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ዕለት፥ ከአንድ የገጠር ቀበሌ የተነሣ ተማሪ ውጤቱን ለማየት በእግሩ ወደ አምበር መጣ እንበል። ከተማው ሲደርስ ስልኩን ያወጣል፤ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም። አጠገቡ ያሉትን ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ኔትወርክ የለም» የሚል ብቻ ነው። እንግዲህ ምን ያድርግ? ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ይሂድ? እስከ ሌሊት ይጠብቅ? ወይስ ወደ ቤቱ ይመለስ? ሦስቱም ገንዘብና ጊዜ ያስከፍሉታል። የትኛው እንደሚበጀው ለመወሰን ግን ኢንተርኔት በየትኛው መንገድ እንደሚደርሰው ማወቅ አለበት።

ይህን እውቀት ከማን ያገኛል ቢባል፥ ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ነገር ግን ከእኛም መካከል ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ የሚቈጥር ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

አንድ ሰው ከቀበሌው ተነሥቶ ባሕር ማዶ ለመሄድ ቢያስብ፥ መጀመሪያ በእግር መንገድ አምበር ይደርሳል። ከዚያ በአውቶቡስ ደጀንን አልፎ፥ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፥ ከጅቡቲ በመርከብ ይጓዛል። የኢንተርኔትም መልእክት እንዲሁ በክፍል በክፍል ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከስልካችን እስከ ቅርቡ ጣቢያ፥ ሁለተኛው በአገር ውስጥ በተዘረጋው ዋና መሥመር፥ ሦስተኛው በጎረቤት አገሮች አልፎ በባሕር ሥር በተቀበረው ገመድ ነው። የወንዙ መሻገሪያ ሞልቶ ሳለ መርከቡን መውቀስ ዋጋ የለውም።

«በምን ተገናኘህ?» ተብለን ስንጠየቅ የምንመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። ይኸውም ልዩ ልዩ ዓይነት አለው።

1ኛ/ በስልክ መሥመር መደወል። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ. ም. ሲጀመር መንገዱ ይህ ነበር። ሞደም የተባለው መሣሪያ የኮምፒዩተሩን ቍጥር ወደ ድምፅ ለውጦ በስልኩ ሽቦ ይልከዋል። ከፍተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፥ 3 ሜጋ ባይት የሚሆን አንድ ዘፈን ለማውረድ ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዚያም ጊዜ ስልኩ ስለሚያዝ ሰው ደውሎ አያገኘንም።

2ኛ/ ኤዲኤስኤል። ሽቦው ያው የመዳብ ሽቦ ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ ከሰው ድምፅ በላይ በሆነ ሞገድ ስለሚሄድ ስልክ ማነጋገርና ኢንተርኔት መጠቀም ባንድነት ይቻላል። ጉድለቱ ርቀት አለመቻሉ ነው። ከስልክ ጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ ኃይሉ እጅግ ይደክማል። ለከተማ እንጂ ለተበታተነ የገጠር ቤት አይመችም።

3ኛ/ ፋይበር። ይህ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር ነው። መልእክቱ በብርሃን ይጓዛል፤ ብርሃንም በመስተዋቱ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱም የሚያስተላልፈውም መጠን ከሁሉ ይበልጣል። ጠላቱ ዶማና የመንገድ ሥራ ቍፋሮ ነው፤ ባንድ ቦታ ቢቆረጥ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ሊቋረጥ ይችላል።

4ኛ/ ሞባይል። በአምበርና በአካባቢዋ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚያውቀው በዚህ ነው። ስልኩ ከታወሩ ጋር በራዲዮ ሞገድ ይነጋገራል። ኮረብታና ገደል ሞገዱን ይጋርደዋል፤ ስለዚህ አንዱ ቀበሌ ሲያገኝ ሸለቆ ውስጥ ያለው ጎረቤቱ ላያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ የታወሩ አቅም የጋራ ነው። አንድ ታወር በሴኮንድ 40 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል ብንል፥ 4 ሰዎች ቢጠቀሙ ለያንዳንዱ 10 ይደርሰዋል፤ 80 ቢሆኑ ግን ግማሽ ብቻ። ውጤት በወጣ ዕለት የሚሆነው ይህ ነው። የሲግናሉ ምልክት የሚነግረን ታወሩ ለስልካችን በምን ያህል ኃይል እንደሚሰማ ብቻ ነው እንጂ፥ ከታወሩ ወዲያ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይደለም።

5ኛ/ ሳተላይት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እያልን የምንጠራው ትምህርት የመጣው በሳተላይት ነበር። ሽቦና ታወር በሌለበት ሁሉ ይደርሳል። ነገር ግን የቀድሞው ዓይነት ሳተላይት ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥያቄያችን ይወጣል ይወርዳል፤ መልሱም እንዲሁ። ድምሩ 144,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት የዛሬዎቹ ሳተላይቶች ይህን መዘግየት በጣም ቀንሰውታል።

ዋይፋይስ? ዋይፋይ ከነዚህ አንዱ አይደለም። ከላይ ባንዱ መንገድ የመጣውን ኢንተርኔት በቤት ወይም በግቢ ውስጥ የሚያከፋፍል አጭር የራዲዮ ሞገድ ነው። ቧንቧው ቢከፈትም ከምንጩ ውሃ ካልመጣ አይቀዳም።

አሁን ወደዚያ ተማሪ እንመለስ። በመጀመሪያ ስልክ ይደውል፤ ጥሪው ካልሄደ ችግሩ ከስልኩ እስከ ታወሩ ባለው መንገድ ወይም በታወሩ ሊሆን ስለሚችል ቦታ ይለውጥ። ጥሪው ሄዶ ሌሎች ገጾችም በዝግታ ከተከፈቱ መጨናነቅ ነው፤ ሌሊት ወይም ማለዳ ይሞክር። ሌላው ሁሉ በደንብ ተከፍቶ የውጤቱ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ግን፥ ችግሩ ገጹን በሚያስተናግደው ኮምፒዩተር ዘንድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ቢሄድም አዲስ አበባ ቢገባም ያው ስለ ሆነ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ይቆጥብ።

ከዚህ ሁሉ ሌላ በሽቦም በታወርም የማይመካኝ መቋረጥ እንዳለ እናውቃለን። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ቦታዎች ለወራት እንዲሁ ቆይተዋል። ያን ጊዜ የምዝገባ ማስታወቂያ ያመለጠው፥ ከውጭ የሚላክለት ገንዘብ የዘገየበት፥ ጥናቱን ያቋረጠ ብዙ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ ባንድ መንገድ ብቻ የተንጠለጠለ ሕዝብ ያ መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ነገር እንደሚዘጋበት ነው። ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያና ቤተ መጻሕፍት ከአንድ በላይ መንገድ እንዲኖራቸው መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለ ሥራ አለ። አንድ ራውተር ኢንተርኔት ባይኖረውም እንኳ አንድን ኮምፒዩተር ከብዙ ስልኮች ጋር ማገናኘት ይችላል። መጻሕፍትና የቀድሞ ፈተናዎች በዚያ ኮምፒዩተር ቢከማቹ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያለ ካርድ ያነባሉ። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እህቶች፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ባዶ ፍላሽ ይዘን አንሂድ። በግቢያችን ፋይበር የምናወርደው መጽሐፍ ለእኛ የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ለአምበር ተማሪ ግን የአንድ ዓመት ስንቅ ሊሆን ይችላል። ታናናሾቻችንም «ኔትወርክ የለም» ሲሉን ዝም ብለን ራሳችንን ከመነቅነቅ ይልቅ «የቱ ጋ ነው የተቋረጠው?» ብለን አብረናቸው እንፈልግ። ቦታውን ያወቀ፥ ለማን አቤት እንደሚል ያውቃል።