ብዙ በተነዱ መኪኖች ላይ የሞተር ዘይት መፍሰስን ስለ መመርመር፦ በደብረ ወርቅ መስመር ሁኔታ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና ፒክአፖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ከሥራቸው የዘይት ነጠብጣብ ማየት ስለ ተለመደ ምርመራውም ልማድ ሆኗል፤ ዘይት የታየበት ቦታ ይፈታል፣ እዚያ ያለው ጓርኒሲዮን ወይም ኦይል ሲል ይለወጣል። ዘይቱ ተመልሶ ሲታይ ጥፋቱ በዕቃው ጥራት ይሳበባል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። ብዙ በተነዳ ሞተር ላይ ያፈሰሰው ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ የችግሩ ሰለባ እንጂ ምንጭ አይደለም፤ ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የዘይቱ መንገድና የሞተሩ የውስጥ ግፊት ሊታወቁ ይገባል። የክራንክ ሻፍቱን የኋላ ኦይል ሲል ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ መኪናው በቆመበት ጊዜ ሁሉ የባለቤቱ ገቢም ቆሟል።

ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በነፋስ ወደ ኋላ ይጓዛል። ከቴስታታ ክዳን የኋላ ጫፍ፣ በተለይም በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ካለው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ጎማ ያመለጠ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ይንጠባጠባል። ከሥር ለሚመለከት ሰው የኋላው ኦይል ሲል ያፈሰሰ ይመስለዋል። በዚያው ቦታ የካምቢዮ ዘይትም ሊወጣ ይችላል፤ ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ ተቀብሎ ማየት ይረዳል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥላሸት የጠቆረ ሲሆን የካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ የድኝ ሽታ አለው። ሊፈለግ የሚገባው እንግዲህ ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ሳይሆን የረጠበው ከሁሉ ከፍተኛና ከሁሉ ፊተኛ የሆነው ነጥብ ነው።

ይህን ነጥብ ለማግኘት በአቧራና በዘይት የተጋገረው ቅርፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ታጥቦ ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ከዚያም በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ ስስ የሕፃናት ፓውደር ቢነሰነስ አዲሱ ዘይት መንገዱን በነጩ ላይ ይጽፋል። በጋራዥ ውስጥ ያለ ጭነት የሚዞር ሞተር ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ሙሉ መሆኑ ተረጋግጦ ረጅም ዳገት ካስወጡት በኋላ ወዲያው መመልከት ይሻላል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ዳገት በዚህ ረገድ ከማንኛውም የመሞከሪያ መሣሪያ አያንስም።

በዳገት ላይ መፍሰሱ የሚብሰው ጭነት ሲጨምር በፒስተን ፋሻዎች በኩል ወደ ክራንክ ክፍሉ የሚሾልከው የቃጠሎ ጋዝ ስለሚበዛ ነው። የመተንፈሻ ቱቦው በዝቃጭ ከታፈነ ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በደካማው ማሸጊያ በኩል ይገፋዋል። ግፊቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ታጥፎ ግማሹ ውኃ ይሞላና አንደኛው ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ በጥብቅ ይገጠማል፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሆናል። በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል የሚታይ 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ወደ 1 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ የቱቦው ክንዶች ረጅም መሆን አለባቸው። የመተንፈሻ ቱቦው ተጠርጎ ልኬቱ ሲደገም ግፊቱ ከወረደ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ካልወረደ ጥርጣሬው ወደ ፋሻዎቹ ያልፋል።

እዚህ ላይ ከፍታ ትልቅ ስሕተት ያመጣል። የፋሻን ሁኔታ ለማወቅ የሚደረገው የኮምፕሬሽን ልኬት ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸራል፤ የመመሪያው ቁጥር ግን በአብዛኛው የባሕር ወለልን አየር የሚያስብ ነው። ደብረ ወርቅ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከ101 ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩ የሚያምቀው አየርም በዚያው መጠን የሳሳ ነው። መመሪያው 30 ባር የሚል ከሆነ ጤናማ ሞተር እዚህ 22 ባር አካባቢ ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ደኅናውን ሞተር ለሙሉ እድሳት ይፈርድበታል። የክራንክ ክፍሉ ልኬት ከአካባቢው አየር ጋር የሚታይ ልዩነት ስለሆነ ተመሳሳይ እርማት አይሻም።

ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይታመናል። በቤንዚን ሞተር እንደሚደረገው በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ልኬቱን መድገም ለናፍጣ ሞተር አይመከርም፤ የማቃጠያ ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ዘይቱ ራሱ ቦታ ይዞ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበዛም ፒስተኑን ሊያግደው ይችላል። መተንፈሻው ከተጠረገ በኋላም የክራንክ ክፍሉ ግፊት ካልወረደ፣ ከሲሊንደሮቹም አንዱ ከጓደኞቹ ጎልቶ ካነሰ፣ ፋሻው ሳይታይ ካምቢዮ አውርዶ ኦይል ሲል መለወጥ አይገባም። ሁለቱም ልኬቶች ደኅና ከሆኑ ግን በፓውደሩ ላይ የተገኘው መጋጠሚያ ብቻ ተፈትቶ ይታሸጋል።