ሊጡ ቦክቶ ምጣድ የጠፋበት ቫይረስ

 

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም ሞያሌ ላይ አንድ ጨቅላ ሕጻን በኤምፖክስ፣ በተለምዶ የዝንጀሮ ፈንጣጣ በሚባለው በሽታ መያዙ በይፋ ተነገረ። በአገራችን ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ከሞያሌ የሚነሳው መንገድ ቡሌ ሆራንና ዲላን አቋርጦ ሐዋሳ ይገባልና፣ ነገሩ ለእኛ ለሐይቅ ዳር ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ክትባቱ ሲነሳ ደግሞ እናቶች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሕያው ቫይረስ ነው ይባላል። ታዲያ በሽታውን በገዛ እጃችን ሰውነታችን ውስጥ ልናስገባ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ቫይረሱ ውስጥ ከጎደለው ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ክትባቱ ውስጥ ያለው የኤምፖክስ ቫይረስ አይደለም። ቫክሲኒያ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ነው። ከታላላቆቻችን መካከል የፈንጣጣ ዘመቻው ሲካሄድ የተከተቡ ሰዎች ክንድ ላይ ጠባሳ ታያላችሁ። ያ የድሮው ክትባት ራሱ በቫክሲኒያ የተሠራ ነበር። ቫይረሱ ቆዳ ላይ በእርግጥ ይራባ ስለነበር ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል። ፈንጣጣን ከምድር ያጠፋው እሱ ነው፤ አገራችንም ከበሽታው የተገላገለችው እ.ኤ.አ በ1976 ነበር። ይሁን እንጂ ሰውነታቸው የመከላከል አቅም ላነሰው ሰዎችና ችፌ ላለባቸው አደገኛ ነበር።

በጀርመን አገር አንቶን ማየር የተባሉ ሊቅ ከቱርክ አንካራ የተገኘውን የቫክሲኒያ ዝርያ ወስደው በጫጩት ፅንስ ሕዋስ ላይ ያራቡት ጀመር። ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው እያሸጋገሩ ከ500 ጊዜ በላይ ደጋገሙት። የጫጩት ሕዋስ የለመደ ቫይረስ በሰው ሰውነት ለመኖር የሚያስፈልገው መሣሪያ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል? ቀስ በቀስ ከጂኖቹ፣ ማለትም አካሉ ከሚሠራበት መመሪያ፣ 15 በመቶ ያህሉ ወደቀ።

የወደቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በሰው ሕዋስ ውስጥ ለመራባት የሚያስፈልጉት ናቸው። እዚህ ላይ ወደ ማድ ቤት እንግባ። አንዲት እናት ዱቄቱን አቡክታ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ እንጀራ ልትጋግር ስትል ምጣዱ ተሰብሮ ብታገኘው ሊጡ አለ፣ እንጀራ ግን የለም። ይህ ቫይረስም እንዲሁ ነው። ሕዋሳችን ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቲኖቹንም ይሠራል፤ ሁሉን ገጣጥሞ አዲስ ቫይረስ ማውጣት ሲደርስ ግን ያቅተዋል። የሰውነታችን መከላከያ «ሊጡን» አይቶ ጠላቱን ያውቃል፣ በሽታው ግን አይራባም። ስለዚህ ጠባሳ የለም፣ ከተከተበ ሰው ወደ ቤተሰቡም አይተላለፍም።

ሁለተኛዎቹ የቫይረሱ የማፈኛ መሣሪያዎች ናቸው። ሌባ ገብቶ የቤቱን ሰው አፍ እንደሚይዝ፣ ሙሉው ቫይረስም የተጠቃው ሕዋስ ጎረቤቱን ለመጥራት የሚያሰማውን ኡኡታ ያፍናል። ከማፈኛዎቹ ብዙዎቹ የሌሉት ቫይረስ ሲገባ ጩኸቱ ይሰማል፣ መከላከያውም ቶሎ ይነሳል።

ይሁንና ጂን በጎደለ ቁጥር ቫይረስ ይደክማል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሰውን ብቻ የሚያጠቃው የፈንጣጣ ቫይረስ ከላም ፈንጣጣ ቫይረስ ያነሱ ጂኖች ነበሩት፤ ነገር ግን ከያዛቸው 100 ሰዎች 30 ያህሉን ይገድል ነበር። የላም ፈንጣጣ ደግሞ ሙሉ ጓዙን ይዞ በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ወሳኙ የጎደለው ጂን ብዛት ሳይሆን የትኛው እንደሆነና በማን ሰውነት ውስጥ እንደሆነ ነው።

መጉደሉ ዋጋም ያስከፍላል። የማይራባ ቫይረስ በአንድ ጊዜ በቂ ትምህርት ስለማይሰጥ ክትባቱ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በመስከረም 2024 እውቅና ሲሰጠው፣ ከመጋለጥ በፊት የተወሰደ አንድ ዙር 76 በመቶ፣ ሁለቱም ዙር 82 በመቶ እንደሚከላከል ገምቷል። ስለዚህ የተከተበም ሰው ቢሆን ትኩሳትና ያበጠ ንፍፊት ካለው፣ መዳፍ ላይ ጭምር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣበት፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ እስኪመረመር ድረስ ከመጨባበጥና ከመተቃቀፍ ይቆጠብ፤ ፎጣውንና አንሶላውንም ይለይ። ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም አትውጡ የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር የምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ክትባቱም ለሁሉም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ቅድሚያው ከታማሚ ጋር ለተነካኩና ለጤና ባለሙያዎች ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንም የድሮው ክትባት ይከለከሉ የነበረ ቢሆንም፣ ይህኛውን መውሰድ ይችላሉ።

«ከምን ተሠራ?» ለምትሉ፣ ቫይረሱ የሚራባው አሁንም በጫጩት ፅንስ ሕዋስ ላይ ነው። እንቁላል ወይም ዶሮ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መርፌውን ከመወጋቱ በፊት ይህንኑ ለጤና ባለሙያው ይንገር።